ኦሬዮ ከኦፕራሲዮን ሲመለስ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዙሪክ እንደ ልማዷ ትዘንባለች፣ ልጆቹ አድገዋል፣ እኔም ወፍሬያለሁ። የደብዳቤው ወግ ይኸው ደረሰ፤ አሁን ወደ ጨዋታችን።

በመጥፋታችን አንወቃቀስ። አንቺም ሥራ፣ እኔም ሥራ፣ በየበዓሉ «እንኳን አደረሰሽ» እየተባባልን ከረምን። የድምፅ መልእክትሽን በሌሊት ሳየው ግን ክው ነው ያልኩት። ከስንት ጊዜ ዝምታ በኋላ የሚመጣ ድምፅ ለእኛ ለስደተኞች መርዶ ነው የሚመስለን። ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ለካስ ሐሙስ የሚኮላሸው ኦሬዮ የሚባል ጊኒ ፒግ፣ ያ አይጥ መሳይ የቤት እንስሳችሁ ኖሯል! ሳቄን ጨርሼ ደግሜ ስሰማው ግን ልጅሽ ከኋላ ስታለቅስ ሰማኋት። ስለዚህ ቀልዱ ይቆየንና የኛን ጊኒ ፒግ፣ ሽሮን፣ ተኮላሽቶ ሳስታምም ያየሁትን ልጻፍልሽ። በድምፅ ብልከው አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ፍሪጅ ላይ ትለጥፊዋለሽ።

ሽሮ ወንዱ ነው፣ ሚጥሚጣ ደግሞ ሴቷ። ስሙን ያወጡት ልጆቹ ናቸው፣ እኔ የለሁበትም። እዚህ ስዊዘርላንድ እንደ ጊኒ ፒግ ያሉ በመንጋ የሚኖሩ እንስሳትን ለብቻ ማሳደግ ክልክል ነው፤ በፈረንጆቹ 2008 የወጣ ደንብ አለ። ስለዚህ ከመነሻው ሁለት መያዝ ግድ ሆነብን። ወንድና ሴት አብረው ካደሩ ውጤቱ ይታወቃል። ሴቷ ሁለት ወር ትንሽ አለፍ ሲል ትወልዳለች። ልጆቿ ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ነው የሚወለዱት፤ ወንዶቹ ገና በ3 ሳምንታቸው ማስረገዝ ይችላሉ። ሳይኮላሹ ቢተዉ ቤትሽ መርካቶ ይሆናል። ለእናቴ በስልክ ብነግራት «ሙክት ልታደርጉት ነው? ለየትኛው በዓል?» አለችኝ። ፔሩ ውስጥ እየጠበሱ እንደሚበሉት ብነግራት የባሰ ስለሚመጣ ዝም አልኩ።

ከምጽፍልሽ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይሄን ያዢልኝ። ኦፕራሲዮኑን ሐኪሙ ይሠራል፤ ኦሬዮን መልሶ ሰው የሚያደርገው ግን መብላቱ ነው። የጊኒ ፒግ አንጀት ያለማቋረጥ መሥራት አለበት። ድርቆሽ ሳይገባለት ከቆየ ይቆማል፣ ሆዱ በጋዝ ይነፋል። ሲያመው ጭራሽ አይበላም፣ ባለመብላቱ ደግሞ ሕመሙ ይብስበታል። እኔን ከቢላው ይልቅ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ለዚህም ነው ከኦፕራሲዮን በፊት እንደ ሰው የማይጾመው። ጊኒ ፒግ ማስመለስ አይችልም፤ ስለዚህ እኛን የሚያስጾመን ምክንያት እሱ ጋ የለም። አፉ ውስጥ ምግብ እንዳይቀር ለአጭር ጊዜ ቢከለክሉት አይገርምሽ። «ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ» ካሉሽ ግን «ጊኒ ፒግ በብዛት ታክማላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። አሜሪካ እንዲህ ያሉትን «ኤግዞቲክ» እያሉ ለብቻቸው የሚያክሙ ሐኪሞች አሉ። የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ እጁ በዚህ አልተፍታታም። ሌላም ጠይቂ። በወንዱ ጊኒ ፒግ የዘር ፍሬው የሚወርድበት መተላለፊያ ዕድሜ ልኩን ክፍት ነው። ሲኮላሽ ካልተዘጋ አንጀት ሊወጣበት ይችላል። «ትዘጉታላችሁ ወይ?» ማለት ድፍረት አይደለም። ድርቆሽና የሚወደውን ቅጠል ይዘሽ ሂጂ፣ ሲነቃ የሚያውቀው ነገር ይሽተተው። ከክሊኒኩ ሳትወጪም በልቷል አልበላም የሚለውን አጣሪ።

የሚተኛበትን ቀድመሽ አዘጋጂ። የእንጨት ፍቅፋቂውን በሙሉ አውጪው፣ ቁስሉ ላይ ይጣበቃል። በምትኩ ነጭ ፎጣ አንጥፊለት። ነጭ ያልኩሽ ለማማር ብዬ አይደለም፤ ደም ወይም መግል ጠብ ካለ ወዲያው ይታይሻል። ጠዋትና ማታ ቀይሪው፣ ከረጠበ በመሃልም። መወጣጫ ካለው ለጊዜው ይነሳ። ከማደንዘዣ የነቃ ትንሽ እንስሳ ቶሎ ይበርደዋል፤ ለብ ያለ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልተሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ከጎኑ አስቀምጪለት። ሲሞቀው ፈቀቅ የሚልበት ቦታ ይኑረው እንጂ። ገላውን እንዳታጥቢው።

አሁን ወደ ሌሊቱ። ሽሮ እንደመጣ ጥግ ይዞ ቁጭ አለ። ፀጉሩ ቆሟል፣ ጀርባው ጎብጧል፣ ዓይኑ ግማሽ ተከድኗል። ባለቤቴ «እንቅልፍ ነው፣ ተዪው» አለኝ። እንቅልፍ አልነበረም፣ ሕመም ነው። እነዚህ ፍጥረታት አውሬ ሲያድናቸው የኖሩ ናቸውና ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ጥርሱን ሲያፋጭ ከሰማሽ፣ ወይም የፍሪጁ በር ተከፍቶ እንደ ወትሮው ካልጮኸ፣ አሞታል።

ሐኪሟ የምግብ ዱቄት ሰጥታኝ ነበር፣ ክሪቲካል ኬር የሚባለውን፤ እዚያም አለ። ቀጠን እስኪል በለብ ያለ ውሃ ይበጠበጣል። ካጣሽ የራሱን ፔሌት፣ ያን ፍሬ ፍሬ የሆነ ደረቅ መኖውን ዘፍዝፈሽ ማላም ነው። ትንሿን፣ መርፌ የሌላትን ሲሪንጅ ያዝኩ። ፊቱ ብቻ እስኪቀር በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። በጀርባው እንዳታስተኚው፣ ትን ይለዋል። ሲሪንጁ በፊት ለፊት አይገባም፤ ከፊት ጥርሶቹ ጎን፣ በጉንጩ በኩል ነው። ጠብታ ታህል ገፋሁ። አፉን ገጠመ። ሁለተኛውን አገጩ ላይ ለቀለቀው። ሦስተኛው ላይ መንጋጋው ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረ፤ ያኔ ነው ትንፋሼ የተመለሰው። አኝኮ እስኪውጥ ሳትጠብቂ ሌላ አትጨምሪ። ብትቸኩይ ወደ ሳንባው ይገባል። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ነው፣ ሌሊትም ጭምር፤ የቀኑን መጠን በክብደቱ አስልተው ይነግሩሻል። «ይተኛ ምስኪን» ብለሽ አትዘኚለት። ለ12 ሰዓታት ያህል ምንም ካልቀመሰ ደውዪ፤ የሌሊት ክሊኒክ ቁጥር ከአሁኑ ያዢ።

በጠጡንም ተመልከቺ። ደህና ሲሆን ሞላላና ለስላሳ፣ እኩል እኩል ነው። ካነሰ፣ ከደረቀ፣ ጫፉ ከሾለ አንጀቱ ዘግይቷል። ይሄን ሥራ ለልጅሽ ስጫት፤ ፎጣውን እያየች ትመዝግብ። ሥራ ስትይዝ ለቅሶው ይቀንሳል። በየጠዋቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። ፀጉሩ ስለሚሸፍነው ሲከሳ በዓይን አይታወቅም፣ ግራሙ ግን አይዋሽም። ቫይታሚን ሲ ደግሞ እንደ እኛው በሰውነቱ አይሠራም፤ ከምግብ ነው የሚያገኘው። ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ ቆራርጠሽ ስጪው።

መድኃኒት ላይ አደራ። ሐበሻ ቤት አሞክሳሲሊን አይጠፋም፤ አንዱ ዘመድ «ትንሽ በጥብጠሽ ስጪው፣ ቁስሉን ያደርቅለታል» ማለቱ አይቀርም። ጊኒ ፒግን ይገድለዋል! አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን በአፉ ከገቡ አንጀቱ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጨርሱና ለመርዘኞቹ ቦታ ይለቃሉ። ከራስሽ መሳቢያ ምንም አይውጣ፣ የሕመም ማስታገሻም ቢሆን። ለሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚያዘው ሜሎክሲካም ነው፤ ለቤት ካልሰጡሽ ጠይቂ እንጂ ዝም ብለሽ አትመለሺ። ሕመሙ ካልታገሠ አይበላማ። ቁስሉ ላይም ካልታዘዘ በቀር ቅባት የለም፣ ማር የለም፤ ይልሰዋል።

ቁስሉን በቀን ሁለቴ እዪው። ልጅሽ ደረቱን ደግፋ ታንሳው፣ አንቺ ከሥር ተመልከቺ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ማበጥ ያለ ነው። እየጨመረ ከሄደ፣ ካተኮሰ፣ ከሸተተ ግን ወደ ሐኪም። ሰው የሚዘናጋው ሳምንት ሲያልፍ ነው። እንስሳው ይበላል፣ ይሮጣል፤ በቃ ዳነ ይባላል። መግል የቋጠረ እብጠት የሚመጣው ደግሞ ያኔ ሊሆን ይችላል። የጊኒ ፒግ መግል ወፍራም ስለሆነ በራሱ ፈርጦ አይጠራም፤ ተከፍቶ መታጠብ አለበት። ስለዚህ ቁስሉን እያየሽ፣ ዙሪያውን ቀስ ብለሽ እየዳሰስሽ ሁለት ሦስት ሳምንት ግፊበት።

ሴቷን «መቼ ላስገባለት?» ላልሽው፣ 6 ሳምንት ጠብቂ። ተኮላሸ ማለት በማግስቱ አያስረግዝም ማለት አይደለም፤ ቱቦው ውስጥ የቀረ ዘር አለ። 4 የሚሉ ሐኪሞች አሉ፣ እኔ ግን ከ6 አልወርድም። ያንቺዋ ዓመት ሊሞላት ነው ብለሻል፣ ወልዳም አታውቅም። ሴት ጊኒ ፒግ ሰባት ስምንት ወር እስኪሆናት ካልወለደች የዳሌዋ አጥንት ይጋጠማል፤ ከዚያ በኋላ ብታረግዝ ምጡ ሊገድላት ይችላል። በሁለት ሳምንት መቸኮል ይሄን አያክልም።

መለየት ስልሽ ግን ሌላ ክፍል አታስገቢው። መሃል ላይ የሽቦ አጥር ይበቃል፤ ይተያዩ፣ ይሸታተቱ። እኛ ቤት ሽሮ በገዛ ፈቃዱ ድርቆሽ የጀመረው እኔ ለምኜው አይደለም። ሚጥሚጣ ከሽቦው ማዶ ስትኮረሽም ሰምቶ ነው። በኋላማ ሰላጣውን በቀዳዳው እየሳበች ትሰርቀው ጀመር፤ እሱም እንዳይቀደም ብሎ መሻማት። እኔ ሲሪንጅ ይዤ ቀረሁ።

ባልሽ «ጭምት ይሆናል» ያለውን አትቁጠሪው። ጠባዩ ያው ነው፤ የሚቀረው መውለዱ ነው። ሽሮ እስከ ዛሬ እያጉረመረመ፣ ወገቡን እያወዛወዘ ይዞራታል። ትገላምጠዋለች።

ሐሙስ ስትመልሺው ክብደቱን ላኪልኝ። እኔ 6 ሰዓት እቀድምሻለሁ፤ እናንተ ጋ እኩለ ሌሊት ሲሆን እኔ ቡና እያፈላሁ ነው። ሲሪንጅ ይዘሽ ብቻሽን ከምትቀመጪ በቪዲዮ ደውዪልኝ። የራሳችንን ወሬ በየጠብታው መሃል እንጨርሳለን፤ የእህትሽን ሠርግ እንኳ ገና አልነገርሽኝም። ፎቶ ብቻ ነው ያየሁት፣ እሱንም ከሰው ላይ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጅሽን ሳሚልኝ።

ያንቺው፣ ከዙሪክ