«ቡሎኑ ከገባ ልክ ነው» የሚለው ምክር ይታረም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ፈጣን መኪና ባላቸው ሰዎች ዘንድ ቸርኬና ጎማ የሚመረጥበት መንገድ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ፣ ቀድሞ የገቡት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ይታደሳሉ፤ ብዙው ባለቤትም እድሳቱን የሚጀምረው ከቸርኬው ነው። ፍላጎቱን አልነቅፍም፤ ያማረ ቸርኬ እኔንም ያስደስተኛል። የምቃወመው ከሻጭ እስከ ጎሚስታ ሲደጋገም የምሰማውን፣ አምኜውም የተጎዳሁበትን «ቡሎኑ ከገባ ልክ ነው» የሚል ምክር ነው።

መኪናዬ ኢ46 የሚባለው ትውልድ ቢኤምደብሊው 330አይ ስትሆን፣ ባለ ሦስት ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና 231 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አላት። አንድ መደብር ያገለገሉ አራት ባለ 17 ኢንች ቸርኬዎች ሸጠልኝ። ቸርኬዎቹ የዚያው ፋብሪካ ሥራ ናቸው፤ ነገር ግን የተፈቱት ከትልቁ ወንድሟ፣ ከባለ 5 ሲሪየሱ ኢ39 ነበር። ሁለቱም መኪኖች በአምስት ቡሎን ይታሰራሉ፤ ቡሎኖቹ የሚደረደሩበት ክብም በሁለቱም 120 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ቡሎኖቹ ያለ ምንም ችግር ገቡ፤ እኔም ከፍዬ ወጣሁ።

በአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳልፍ መሪው በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሦስት ጊዜ ባላንስ አሠራሁ፤ ለውጥ የለም። ጥቂት ቆይቶም ልጆቼን ከኋላ ጭኜ ጉድጓድ በተሻገርኩ ቁጥር የኋላው ጎማ የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ ሲፍቅ እሰማ ነበር፤ ጎማውን ሳስፈታው ትከሻው ተላጦ ክሩ ሊታይ ምንም አልቀረውም። ያ ጎማ ልጆቼ በተቀመጡበት መኪና ላይ በ100 ቢፈነዳ ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

መንስኤውን ያገኙልኝ ካሊፐር የሚባለውን የስፋት መለኪያ ይዘው የመጡ አንድ አረጋዊ መካኒክ ናቸው። የመኪናዬ ሞዞ፣ ማለትም የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ የሚሰካበት ክብ ጉብታ፣ 72.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ 74.1 ነው። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና ቸርኬውን መሃል ላይ አስተካክሎ የሚይዘው ሞዞው ነው፤ የቡሎኖቹ ሥራ አጥብቆ ማሰር ነው። ቀዳዳው ከሞዞው በ1.5 ሚሊ ሜትር ከሰፋ፣ ቸርኬው ሲታሰር ከመሃል በጥቂቱ ወደ አንድ ወገን ሊሸሽ ይችላል። ባላንስ የሚሠራው ማሽን ግን ቸርኬውን በራሱ ኮን መሃል ላይ ስለሚይዘው ይህን ስሕተት ሊያየው አይችልም፤ ሦስት ጊዜ የከፈልኩበት ባላንስ ያልረዳኝም ለዚህ ነበር።

መፋቁን ያመጣው ደግሞ ኦፍሴት የሚባለው ልክ ነው። ይህ ቁጥር ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ፊት ከቸርኬው ወርድ እኩሌታ በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ የሚናገር ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። በሌሎች ቸርኬዎች ላይ «ኢቲ» ተብሎ ይቀረጻል፤ ቢኤምደብሊው ግን «አይኤስ» ብሎ ስለሚጽፈው የማያውቅ ሰው አይቶ ያልፈዋል። ስምንት ኢንች ወርድ ላለው የእኔ መኪና ቸርኬ ትክክለኛው ቁጥር 47 ነው፤ በገዛኋቸው ላይ የተቀረጸው 20 ነበር። ይህም እያንዳንዱ ጎማ 27 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር ማለት ነው፤ ፓራፋንጎውን ከመፋቁም በላይ በኩሽኔታው ላይ የሚያርፈውን ጫና ይጨምራል፣ የመሪውንም ጠባይ ይለውጣል።

በሞዞውና በቀዳዳው መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ቀለበት ቶርኖ ቤት ላስቀርጽ አስቤ ነበር። ቀለበቱ የመጀመሪያውን ችግር በርግጥ ይፈታል፤ ውፍረቱ ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች፣ ማለትም 0.75 ስለሚሆን በጥንቃቄ ካልተሠራ ይሰባበራል፣ ኦፍሴቱንም አያስተካክልም። ቸርኬዎቹን ኢ39 ላለው ሰው በኪሣራ ሸጥኳቸው፤ በትክክለኛው መኪና ላይ ምንም እንከን የሌለባቸው ዕቃዎች ነበሩ።

ይህ ጉዳይ የቢኤምደብሊው ብቻ አይደለም። ብዙ የመርሴዲስና የቮልስዋገን መኪኖች አምስት ቡሎናቸውን በ112 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ይደረድራሉ፤ ሆኖም የመርሴዲሱ ሞዞ 66.6፣ የቮልስዋገን ጎልፉ 57.1 ነው። በሁለቱም መኪኖች የፋብሪካው ቡሎን አንገት እንደ ኳስ የከበበ ሲሆን፣ ከውጭ ተገዝተው የሚገጠሙት ቸርኬዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ሾጣጣ አንገት ያለው ቡሎን ነው። ክቡ ቡሎን ሾጣጣው መቀመጫ ላይ ሲታሰር የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ በመሆኑ፣ ዛሬ የጠበቀ መስሎ ነገ ይላላል። አዲስ ቸርኬ የሚገዛ ሰው ቡሎኑንም አብሮ እንዲጠይቅ አጥብቄ እመክራለሁ።

ስለ ጎማው ባጭሩ ልናገር። የእኔ ጎማ 225/45 አር 17 ነው፦ ወርዱ 225 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 45 በመቶ፣ ማለትም 101 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ጠቅላላ ዲያሜትሩም 634 ይጠጋል። ፋብሪካው ለዚሁ መኪና ባለ 18 ኢንች ቸርኬ ሲያቀርብ ከፊት 225/40፣ ከኋላ 255/35 ጎማ ነው የመረጠው፤ ዲያሜትራቸው 637ና 636 አካባቢ ነው። ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን እንዲያጥር የተደረገው የፍጥነት መለኪያውና የፍሬን መቆጣጠሪያው እንዳይሳሳቱ ነው። እኔ ግን 18 አላደርግም። በጉድጓዶቻችንና በመንገዶቻችን የጠርዝ ድንጋዮች ላይ የጎኑ 11 ሚሊ ሜትር መቀነስ የሚያመጣው የተጣመመ ቸርኬ ነው፤ ማማሩ ለዚያ አይበቃም። ወደ 16 መውረድም እንዲሁ ሳይለካ አይደረግም፤ የ330አይ የፊት ፍሬን ዲስክ 325 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ325አይ 300 ነውና፣ ለአንዱ የሚበቃው ቸርኬ የሌላውን የፍሬን ካሊፐር፣ ማለትም ዲስኩን የሚጨብጠውን ክፍል፣ ሊነካ ይችላል።

ከልኩ ቀጥሎ 91ደብሊው የሚል ጽሑፍ ይገኛል፤ 91 አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል፣ ፊደሉ እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደሚቋቋም ይገልጻል። በዚያ ፍጥነት የሚነዳ የለም፤ ነገር ግን ፊደሉ ጎማው ሙቀትን የሚችልበትን አቅምም ስለሚናገር ወደ ታች መውረድ አይገባም። የተሠራበት ጊዜም በአራት አኃዝ ተጽፏል፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት ነው። በቅባት ተወልውሎ የሚያበራ አሮጌ ጎማ ሲቀርብላችሁ ከጥርሱ ጥልቀት በፊት ይህን ቁጥር ፈልጉ።

ለሻጮች የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ያገለገለ ቸርኬ ላይ ወርዱን፣ የቡሎኑን ክብ፣ የመሃል ቀዳዳውን፣ ኦፍሴቱንና የቡሎኑን አንገት ዓይነት በጠመኔ ጽፈው ያቅርቡ፤ አብዛኛው ቁጥር በቸርኬው ጀርባ ተቀርጿል፣ ቀዳዳውን ለመለካትም አንድ ካሊፐር ይበቃል። ጎሚስታዎቻችንም ቁልፉን በእግራቸው ከመርገጥ ይልቅ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ ቁልፍ ቢያስሩ (ለእኔ መኪና 120 ኒውተን ሜትር ነው) እና ደንበኛው ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ለማስፈተሽ እንዲመለስ ቢነግሩት እለምናለሁ። ዝግጅት ክፍሉ በበኩሉ የታወቁ መኪኖችን የሞዞና የኦፍሴት ልክ በሠንጠረዥ አሰናድቶ ቢያወጣልን፣ ሰብስቤ ያቆየሁትን የልክ ማስታወሻ በደስታ አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ