ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር፦ ሻርኩ ይቅርና የጣናን ዓሣ አሳዩን

ከተማችን መናፈሻና ሙዚየም መሥራቱን ተያይዛዋለች፤ ደስ ይላል። እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ትልቅ የሕዝብ አኳሪየም ሥሩልን፣ ስትሠሩት ደግሞ በአገራችን ዓሦች ሙሉት።

"ከባሕር የራቀ ከተማ አኳሪየም ምን ያደርግለታል?" የሚል አይጠፋም። አትላንታም ባሕር የላትም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ዌል ሻርክ ሳይቀር የያዘ ግዙፍ አኳሪየም ከፍታለች። ለዚያ የቧንቧ ውሃ በጨው እየበጠበጡ ባሕር መፍጠር ነበረባቸው። እኛ እዚያ ወጪ ውስጥ ምን ከተተን? ጣና አለን፣ ጫሞ አለን፣ ባሮ አለን።

እስቲ የጣናን ብቻ ልንገራችሁ። ሐይቁ ውስጥ ባርበስ የሚባሉ፣ የካርፕ ዘመድ የሆኑ 15 ገደማ ትልልቅ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ መውጣት አይችልም፤ የጣናዎቹም እዚያው ለብቻቸው ሲኖሩ በመልክም በአመልም ተለያዩ። አንዱ ከንፈሩ የወፈረ ነው፣ ሌላው አፉ ወደ ላይ የዞረ። የዚህ ወገን ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። እንዲያም ሆኖ ከጣናዎቹ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ አዳኞች ሆነዋል! ይህን በሕይወት እያለ ያየ የአዲስ አበባ ልጅ ስንት ነው? ዓሣን የምናውቀው በጉላሽና በለብለብ ነው።

እነሱ ደግሞ እያለቁ ነው። በክረምት እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራና ርብ ሲወጡ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ብቻ፣ ቁጥራቸው በሦስት አራተኛ መቀነሱን መዝግበዋል። እምቦጩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እምቦጭ ሲመጣ ሰው ወጥቶ በእጁ ነቅሏል፣ ምክንያቱም ይታያል። ዓሦቹን ግን ማንም አላያቸውም።

ስለዚህ ዲዛይን ከማሠራታችሁ በፊት የባሕር ዳርን የዓሣ ተመራማሪዎች ጠርታችሁ አነጋግሩ። ማራቢያ ክፍል ከመጀመሪያው ይኑረው፤ ካለቀው ሐይቅ ላይ እየቀነሱ ማምጣት አይሆንም። መብራት ሲጠፋ የአየር ፓምፑ ይቆማል፣ ዓሦቹ በሰዓታት ውስጥ ሊያልቁ ይችላሉ፤ ከመስታወቱ በፊት ጄኔሬተሩ ይታሰብ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በነፃ ይግቡ። የመግቢያው ዋጋም ልጆቹን ይዞ ከኮልፌ በታክሲ የሚመጣ ወላጅ የሚችለው ይሁን።