«ከት» የሚለው ማነው? የቴሌቪዥንና የትወና ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ አንድ አጭር ድራማ ቀርጾ ጨርሷል። ድራማውን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። እኔ ማውራት የፈለግኩት ግን እዚያ ለመድረስ ስለተማርናቸው ቃላት ነው።

መጀመሪያ ሰሞን «አክሽን» (ትወናው ይጀመር) እና «ከት» (ቀረጻው ይቁም) ማለት የማይፈልግ ልጅ አልነበረም። አንድ ቀን ተዋናይቷ ቃለ ተውኔቷ ጠፋባትና ራሷ «ከት!» አለች። ካሜራው ወዲያው ቆመ። በኋላ ቀረጻውን ስናየው ፊቷ ላይ የመጣው ድንጋጤ ትዕይንቱ የሚፈልገው ዓይነት ነበር። ሁለት ሰከንድ ብትታገስ ይበቃን ነበር። ከዚያ ወዲህ «ከት» የሚለው አዘጋጁ ብቻ ነው። ተዋናይ ቢሳሳትም ገፀ ባሕርይውን ይዞ ይቆያል።

ክላፐርን፣ ማለትም በቀረጻ መጀመሪያ ጠቅ የሚደረገውን ሰሌዳ፣ መጀመሪያ ላይ ለፎቶ ብቻ ነበር የሚሽቀዳደሙበት። ሥራው ግን ትልቅ ነው። የትዕይንቱና የቴኩ (የስንተኛው ሙከራ) ቁጥር ይነበባል፤ ከዚያ ጠቅ ይደረጋል። ድምፅና ምስል ለየብቻ ስለምንቀርጽ ኤዲቲንግ ላይ የምናጋጥማቸው በዚያች «ጠቅ» ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ነጠላ ምስል፣ ነው የምንቀርጸው፤ ክላፐሩ የገጠመባትን አንዷን ፍሬም ካገኘን አለቀ። ያለ ክላፐር የቀረጽነውን አንድ ትዕይንት የከንፈር እንቅስቃሴ እያየን ስናጋጥም ከሰዓቱ ሙሉ አለቀብን።

ግራና ቀኝም አስቸግሮናል። መድረክ ላይ «ቀኝ» የሚባለው ወደ ተመልካች የዞረው ተዋናይ ቀኝ ነው። የካሜራ ቀኝ ግን ከካሜራው ጀርባ የቆመው ሰው ቀኝ ነው። መድረክ የለመዱት ልጆች «ወደ ቀኝ» ሲባሉ በተቃራኒው እየሄዱ ከካሜራው እይታ ይወጡብን ነበር። አሁን «የካሜራ ቀኝ» ብለን ሙሉውን እንናገራለን። መቆሚያቸውንም ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት እናደርጋለን፤ ማርክ የሚባለው እሱ ነው።

የ180 ዲግሪ ሕግን (ካሜራው በሁለት ተዋናዮች መካከል የሚታሰበውን መስመር አይሻገርም የሚለውን) ጀምረነው ገና አልበሰለልንም። ለከርሞ ይዘነዋል።

በጣም የኮራሁት ግን በኮንቲኒዩቲ ኃላፊያችን ነው፤ በተለያየ ጊዜ የተቀረጹ ምስሎች እርስ በርስ እንዲገጥሙ የምትከታተለው ማለት ነው። ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ትወናም አትፈልግም። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ እንዲህ ይነበባል፦ «ትዕይንት 4፣ ቴክ 2። ብርጭቆ በቀኝ እጅ፣ ውኃው እስከ ግማሽ። ‹አልመጣም› ሲል ያስቀምጠዋል።» ክሎዝአፑን፣ ማለትም በቅርበት የሚታየውን ምስል፣ የቀረጽነው በሌላ ቀን ነበር። ተዋናዩ ብርጭቆውን በግራ እጁ አነሳ። ማናችንም ልብ አላልነውም፤ እሷ ግን ደብተሯን ይዛ መጣች። ያ ትዕይንት የተረፈው በእሷ ነው።

በመጨረሻው የቀረጻ ቀን ሩም ቶን ቀረጽን። ሰው ሳይናገር ክፍሉ ራሱ ያለውን ድምፅ ማለት ነው፤ ኤዲቲንግ ላይ በንግግር መሃል የሚቀረውን ባዶ ቦታ ይሞላል። ድምፅ የሚቀርጸው ልጅ ሄድፎኑን አድርጎ እጁን አነሳ። እንኳን ሊያወራ፣ የተነቃነቀ ልጅ አልነበረም። 30 ሰከንድ ሙሉ ጸጥ አልን። ከዚያ አዘጋጇ ቀስ ብላ «ከት» አለች።