ለሲስተር፣ ለሰፈራችን ሰዎችና ስማቸውን ላልጠራኋቸው ሁሉ

እማዬ ቤቷ ገብታለች። በራሷ ትንፋሽ። ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት አልደግመውም። የሳንባ ምች ነበር፣ ከፋ፣ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ገባች፣ መተንፈሻ ማሽን ላይ ሆነች፣ ወጣች። ከዚህ በላይ ልጽፍ ስል እንባዬ ይቀድመኛል። ቀጥታ ወደ ምስጋናው ልሂድ።

መጀመሪያ የሌሊቷ ሲስተር። ስሜን እንዳትጽፊ ብላኛለች፣ ቃሌን እጠብቃለሁ። የሠራችውን አልጽፍም ግን አላልኩም።

አስታማሚ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዓይናችን ከሞኒተሩ አይነቀልም። "ሳቹሬሽኗ (በደሟ ያለው ኦክስጅን በመቶኛ) 93 ነው፣ 94 ነው" እያልን ለዘመድ ስንደውል እናድራለን። ያን ሌሊትም ቁጥሩ ደህና ነበር። ኦክስጅኑ በእማዬ አፍንጫ በኃይል ይገባል። ሲስተር ሞኒተሩን አየት አድርጋ ተወችው። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገችና የእማዬን አንገት፣ የጎድን አጥንቷን፣ ሆዷን አየች። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ቁጥሩን ተዪው፣ በስንት ልፋት እንዳመጣችው እዪ። ተኝታ ከለገሀር ፒያሳ ዳገቱን እየሮጠች ነው" አለችኝ። እውነትም የአንገቷ ጡንቻዎች ተገታትረዋል። ጤነኛ አዋቂ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። እማዬ ከ35 አልፋ ነበር። ሲስተር ሐኪሙን ጠራችው።

ቱቦ ይግባላትና በማሽን ትተንፍስ ሲባል ቤተሰቡ ተንጫጫ። "ማሽን ከገባች አትወጣም" የሚለውን ወሬ ያልሰማ የለም። ሲስተር አልተቆጣችንም። ኮሪደሩ ላይ ቆማ አስረዳችን። የታመመ ሳንባ እንደ ልብ ስለማይለጠጥ እያንዳንዱ ትንፋሽ ጉልበት ይጠይቃል። በሽተኛው በኃይል በሳበ ቁጥር የተጎዳውን ሳንባ ራሱ ይለጥጠዋል፣ ይብስበታል። የመተንፈሻ ጡንቻዎቹም ሌላው ሰውነት የሚፈልገውን ኦክስጅን ይሻሙበታል። ማሽኑ የሚገባው ልፋቱን እንዲካፈላት ነው። "ደክሟት እስክትወድቅ አንጠብቅ" አለች። አጎቴ የፈረመው በእሷ ቃል ነው።

ደግሞ ሜትር ይዛ መጥታ እማዬን ከራሷ እስከ እግሯ መለካት። አክስቴ "ለሳጥን ነው እንዴ!" ብላ ልትጮህ ምንም አልቀራት። ዛሬ ይህን እያነሳን እንስቃለን። ለካስ ማሽኑ የሚሰጠው አየር የሚሰላው በቁመት ነው። ሰው ስለወፈረ ሳንባው አይሰፋም። ከቁመቱ በሚሰላ ክብደት፣ በአንድ ትንፋሽ ለኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰጣል። ከመጠን በላይ መንፋት የታመመን ሳንባ ይጎዳል።

በኋላ በመድኃኒት ተኝታ ጸጥ ስትል ሁላችንም እፎይ አልን። የሲስተር ፊት ግን አልተፈታም። ዲያፍራም የሚባለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ጭራሽ ሥራ ከፈታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሳሳል፣ ይደክማል። ያኔ ከማሽን መላቀቅ ይከብዳል። በጣም መልፋትም ጭራሽ አለመልፋትም ጉዳት አለው ማለት ነው። ስለዚህ ፈረቃዋን ስታስረክብ ሁልጊዜ ሬዚደንቱን (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረውን ሐኪም) "ዛሬስ ማስተኛውን እንቀንስላት?" ትለው ነበር። እሱም ማሽኑን ነካ ነካ ያደርጋል። እማዬ መተንፈስ ስትጀምር ማሽኑ መንገዱን ለአንድ አፍታ ዘግቶ፣ በመጀመሪያዋ የሰከንድ አንድ አስረኛ ምን ያህል እንደሳበች ይለካል። አብዝታ ከሳበች እገዛው ይጨመራል፣ ምንም ካልሳበች ይቀነሳል።

ሲስተር፣ ቱቦው የወጣ ቀን እረፍትሽ ነበር። መጣሽ። "እማማ፣ እስቲ ጠንከር አድርገው ይሳሉ" ያልሻት ድምፅሽ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እሷም ሳለች። እንደዚያ ቀን በሳል ተደስቼ አላውቅም። ምን ልበልሽ? እግዜር ይክፈልሽ ማለት አነሰብኝ። ልጆችሽን ይባርክልሽ። አንቺም ሌሊት ተኝተሽ የምታድሪበትን ሥራ ይስጥሽ እንዳልል ደግሞ ለሌላው በሽተኛ አዘንኩ።

ሬዚደንቱንም ሳላነሳ አላልፍም፣ በተለይ ስለ ወንድሜ። ወንድሜ ከአሜሪካ እየደወለ "ለምን 98 አይሆንም?" እያለ ሲጨቀጭቀው፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ እንደሆነች፣ የአየሩ ግፊትም ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ እንደሚያንስ፣ እዚህ የጤነኛ ሰው ሳቹሬሽንም ዝቅ ሊል እንደሚችል ደጋግሞ አስረድቶታል። በትዕግሥት። እኔ ብሆን ስልኩን እዘጋበት ነበር።

ሌሎቻችሁ ሐኪሞችና ነርሶች፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያላችሁ በሆዷ ያስተኛችኋት፣ ፊዚዮቴራፒስቶች፣ ጽዳቶች፣ ጥበቃዎች፣ እግዜር ይስጥልን።

ከፒያሳ ተነስታችሁ በየኮንዶሚኒየሙ የተበተናችሁ የድሮ ጎረቤቶቻችን፣ እድራችን፣ በአራዳ ጊዮርጊስ የጸለያችሁ፣ በቤኒን መስጊድ ዱዓ ያደረጋችሁ፣ ሾርባ በፔርሙዝ ያመላለሳችሁ፣ ብድራችሁን በደስታ እንድንመልስ ያድርገን።

ስማችሁን ያልጠራሁ አትቀየሙኝ። ያን ሰሞን ማን መጣ ማን ሄደ የሚለው ተደበላልቆብኛል። ይህን ሳነብላት እማዬ ራሷ "ያን ባለታክሲ ልጅ ረሳሽው፣ አንቺ ደግሞ!" ብላ ተቆጣችኝ። ሒሳብ አልቀበልም ያልከው ልጅ፣ ይኸው በእማዬ ትእዛዝ ገብተሃል።

ልትጠይቋት የምትመጡ ከሰዓት በኋላ ብትመጡ ጥሩ ነው፤ ጠዋት ትተኛለች። ጉንፋን የያዛችሁ እስኪለቃችሁ በስልክ ይሁን። ቡና አለ። ለሳንባዋ ስለማይሆን ግን ከሰሉም ዕጣኑም ቤት ውስጥ አይገባም፤ የምናፈላው ውጭ በረንዳው ላይ ነው። ጋቢ ነገር ያዙ።