ብራናዎቹን በአማርኛም ክፈቱልን

ውድ አዘጋጅ፣

የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ቅርሶችን ዲጂታል አድርገን ለሁሉም ተደራሽ እናደርጋለን ይላሉ። ደስ ይላል። ግን «ሁሉም» ሲሉ እኛንም ቆጥረውናል?

በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተዘረፉ 350 ገደማ ብራናዎች ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው፤ ብዙዎቹም ፎቶ ተነስተው ኢንተርኔት ላይ ወጥተዋል። መግለጫቸው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ተአምረ ማርያምን ለመፈለግም ብዙ ቦታ ስሙን በላቲን ፊደል መጻፍ ግድ ነው፤ እሱም አንዱ ጋ ነጥብና ሰረዝ አለው፣ ሌላው ጋ የለውም። የመንዝ ተማሪ ይህን ከየት ያውቃል?

እዚህ ደብረ ብርሃን ጎረቤቴ የሆኑ ዓይነ ስውር መሪጌታ አሉ። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘውታል። ባለፈው በስልኬ ከአንድ የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ የዳዊት ብራና ከፍቼ፣ ስልኩ እንዲያነብላቸው አደረግሁ። ቅጠሉ ላይ የጧፍ ጠብታ አለ፣ የእግዚአብሔር ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል፣ መጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ ደግሞ አንድ ሰው በደቃቁ የርስት ውል አስፍሮበታል። ስልኩ «ኢሜጅ» ብሎ ዝም አለ። እኔው ፊደሉን እየቆጠርኩ ሳነብላቸው፣ ገና ከመጀመሪያው ቃል ስንተኛው መዝሙር እንደሆነ ነገሩኝ! መግለጫው ላይ ይህ አልነበረም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የመንግሥት ተቋማት ድረ ገጾች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ያስገድዳል፤ ሙሉ በሙሉ ተደራሽ ማድረግ የማይቻሉ የቅርስ ቅጂዎችን ግን ከግዴታው ያስቀራል። ብራናን ማሽን በቀላሉ እንደማያነብ ይገባኛል። ሁለት መስመር መግለጫ መጻፍ ግን ምን ይከብዳል?

ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ የጋራ ድረ ገጽ ዩሮፒያና በኅብረቱ 24 ቋንቋዎች ይከፈታል። ለራሳቸው ሕዝብ ስለሠሩት አልወቅሳቸውም። የእኛን መጽሐፍ የያዘ ተቋም ግን ቢያንስ የዚያን መጽሐፍ መግለጫ በአማርኛ ሊያስቀምጥ ይገባል። ፎቶዎቹም ከባድ ናቸው፣ ዳታ ይጨርሳሉ። ቀለል ያለ ቅጂ ቢኖር መሐል ሜዳ ከተማ ያለ ልጅም ይከፍተዋል።

ቅጂው እዚህ አገርም ይቀመጥ። ብሪቲሽ ላይብረሪ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. በሳይበር ጥቃት ሲመታ ዲጂታል ብራናዎቹ ለወራት ከኢንተርኔት ጠፍተው ነበር።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከእነዚህ ተቋማት ጋር ይነጋገሩ። መሪጌቶቻችን ይናገሩ፣ ተማሪዎች ይጻፉ። ለሊቃውንቱም እንደ ማንኛውም ባለሙያ ይከፈላቸው፤ ስማቸውም ከመግለጫው ሥር ይግባ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን