የፎቶግራፍና ሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የመጀመሪያውን ካሜራ አመራረጣችን

እስከ ዓምና ድረስ ደሴ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱም፣ የወላጆች ቀኑም፣ የዚህ መጽሔት ሽፋንም ይነሳ የነበረው በመምህራን ስልክ ነው። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ለአንድ የጀማሪ ዲኤስኤልአር ካሜራ (በውስጡ መስተዋት ያለውና ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) መግዣ የሚሆን ገንዘብ በፈቀደ ጊዜ የትኛው ይገዛ የሚለውን ውሳኔ ለክበቡ ተወው። በክበባት ዘገባ ላይ የአንድ ዕቃ ግዥ ይህን ያህል ቦታ መውሰዱ የሚያስገርማቸው አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የክበቡ የመጀመሪያ መንፈቀ ዓመት ያለፈው በዚሁ ምርጫ ሲሆን፣ አባላቱ ስለ ብርሃን፣ ስለ ሌንስና ስለ ገንዘብ ካወቁት አብዛኛውን ያወቁት በዚያ ክርክር ነው።

በመስከረሙ ስብሰባ ተማሪዎቹ ይዘው የመጡት የካሜራ ስም ነበር። አንዱ ዘመዱ ከውጭ ያመጣውን፣ ሌላዋ ሠርግ ላይ ያየችውን፣ ሦስተኛው በዩቲዩብ ሲወደስ የሰማውን እየጠቀሱ ሲሟገቱ፣ ስሞቹን ለጊዜው አቆይተው ትምህርት ቤቱ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያስፈልጉትን ፎቶዎች እንዲዘረዝሩ ጠየቅኋቸው። ዝርዝሩ ላይ የሰፈሩት ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን በሚሸፍነው ጉም ውስጥ የሚካሄደው የጠዋት ሰልፍ፣ የክፍል ለክፍል የእግር ኳስ ውድድር፣ የቤተ ሙከራ ሥራ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቡድን ፎቶ፣ ወደ ሐይቅና ወደ ባቲ የሚደረጉ ጉዞዎች፣ እንዲሁም መስኮቱ ጠባብ በሆነው አዳራሻችን የሚቀርበው ድራማ ናቸው። ከዚያ በኋላ የተነሳውን ጥያቄ ሁሉ ማለት ይቻላል የፈታልን ይህ ወረቀት ነው።

በቅድሚያ የተነሳው የሜጋፒክስል፣ ማለትም ምስሉ ስንት ሚሊዮን ነጥብ እንዳለው የሚናገረው ቁጥር ጉዳይ ነበር፤ ሻጮች ደጋግመው የሚጠሩት ቁጥር እሱ ስለሆነ ተማሪዎቹም ካሜራ የሚለካው በዚያ ይመስላቸዋል። መጽሔታችን የሚታተመው በኤ4 ወረቀት ስለሆነ ሒሳቡን በሰሌዳ ላይ ሠራነው። ሙሉ ገጽ የሚሸፍን ፎቶ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም የሚፈልገው 2480 በ3508 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ 9 ሜጋፒክስል እንኳ አይሞላም። ባለ18 ሜጋፒክስሉ ካነን 4000ዲ 5184 በ3456 ነጥብ፣ ባለ24 ሜጋፒክስሉ ካነን 2000ዲ ደግሞ 6000 በ4000 ነጥብ ይሰጣሉ፤ በአንድ ጎን ሲታይ ልዩነቱ ከመቶ 16 ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ለሥራችን ይበቃሉ አልንና፣ በቁጥሩ ፈንታ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ምስል ወደሚቀይረው ወደ ሴንሰሩ ስፋት ተሻገርን። በእነዚህ ካነኖች ውስጥ ያለው ሴንሰር 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ አብዛኞቻችን ኪስ ውስጥ ካለው ስልክ ሴንሰር በብዙ እጥፍ ይሰፋል፤ ደብዘዝ ባለ ብርሃን የተሻለ ምስል የሚገኘውም በዋናነት ከዚህ ስፋት ነው።

ለመጨረሻው ውድድር የቀረቡት ከላይ የተጠቀሱት ሁለት ካነኖችና ኒከን ዲ3500 ነበሩ። ሦስቱም ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። 4000ዲ በዋጋው ቢማርክም ሌንስ የሚገጠምበት ቀለበቱ ፕላስቲክ ነው፣ የኋላ ስክሪኑም 2.7 ኢንች ብቻ ነው፤ ብዙ ተማሪ እየተቀባበለ ሌንስ የሚያወልቅበትና የሚገጥምበት ካሜራ ቀለበቱ ብረት ቢሆን ይሻላል በማለት እሱን በቶሎ ጣልነው። ካነን 2000ዲንና ኒከኑን መለየት ግን ሳምንታት ፈጀ።

ለኒከኑ ጠበቃ ሆና የቆመችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ ክርክሯን የጀመረችው ከመብራት ነበር። ዲ3500 በአምራቾቹ የጋራ መለኪያ መሠረት አንድ ጊዜ በተሞላ ባትሪ 1,550 ፎቶ ሲያነሳ 2000ዲ የሚያነሳው 500 ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ለማናችንም ማስረዳት አላስፈለጋትም። በተጨማሪም ኒከኑ በሴኮንድ 5 ፎቶ ሲያከታትል ካነኑ 3 ብቻ ያነሳል፤ ክብደቱም ባትሪና ሜሞሪ ካርድ ጨምሮ 415 ግራም ሲሆን የካነኑ 475 ግራም ነው። በካሜራነቱ ብቻ ቢመዘን ኒከኑ የተሻለ እንደሆነ ያኔም አምን ነበር፣ አሁንም አምናለሁ።

ካነኑን የመረጡት ተማሪዎች የተከራከሩት ከካሜራው ውጪ ባሉ ነገሮች ነው። ዲ3500 መመረቱ ስለቆመ በገበያ የምናገኘው ያገለገለውን ነበር። በውስጡ ፎከስ የሚያንቀሳቅስ ሞተር ስለሌለውም፣ ሞተር የሌላቸው የቆዩ የኒከን ሌንሶች ሲገጠሙበት ፎከሱ በእጅ ካልሆነ አይሠራም። ካነን በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1987 ከጀመረው ኢኤፍ ከተባለው የሌንስ አገጣጠም ወዲህ ሞተሩን በየሌንሱ ውስጥ ስላደረገው፣ ዕድሜ ጠገብ የሆነ የኢኤፍ ሌንስ እንኳ 2000ዲ ላይ ራሱን ችሎ ያተኩራል። ከዚህም ሌላ አባላቱ ፒያሳ አካባቢ ያሉ ፎቶ ቤቶችን ዞረው ሲጠይቁ፣ ያነጋገሯቸው ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በካነን ሆኖ አገኙት። አንድ አንጋፋ ፎቶ አንሺ «አብሽሩ፣ ካነን ከገዛችሁ ሌንስ ሲቸግራችሁ እኔ ዘንድ ኑ» ማለታቸው ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ ድምፅ አስገኘ። ጀማሪ ካሜራ ሲገዛ በአቅራቢያው ያለ ሰው የሚይዘውን ቢይዝ ባትሪም፣ ሌንስም፣ ምክርም አያጣም የሚለው ሐሳብ አሸነፈና 2000ዲ ተመረጠ፤ የኒከኑ ወገኖች የመብራት ሥጋትም ተጨማሪ ባትሪ አብሮ እንዲገዛ በመወሰኑ ቀለል አለ።

ዲኤስኤልአር ጊዜው አልፎበታል፣ ለምን ሚረርለስ (መስተዋት የሌለው አዲሱ ዓይነት ካሜራ) አይገዛም የሚል ጥያቄ ከመምህራንም ቀርቦልን ነበር። አምራቾቹ ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ ማዞራቸው እውነት ነው። ሆኖም በያዝነው ገንዘብ ሚረርለስ ብንገዛ ለሁለተኛ ሌንስ የሚተርፍ አይኖርም፤ የኢኤፍ ሌንሶች ደግሞ በማገናኛ አማካይነት የካነን ሚረርለሶች ላይ ስለሚሠሩ ወደፊት አካሉ ቢቀየር ሌንሶቹ አይጣሉም። የሚኒ ሚዲያው ቡድን የጠየቀው የ4ኬ ቪዲዮም የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ሊያቀናብሩት ስለማይችሉ፣ 2000ዲ በሚቀርጸው ፉል ኤችዲ ረክተናል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሰጠነው ለሌንሱ ነው፤ ለጀማሪ ገዥ የምመክረውም ይህንኑ ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚያጎላ ሌንስ (ቁጥሩ ሲጨምር ሩቁን ያቀርባል) በሁለት ዓይነት ይመጣል፦ አንደኛው የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ሲሆን ሁለተኛው ማረጋጊያ የለውም። ሳጥኑ ሲታይ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው ርካሹን ሳያውቅ ይገዛል፤ ማረጋጊያ ያለው በሌንሱ አንገት ላይ «አይኤስ» የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ተጽፈውበታል። ማረጋጊያው ግን የአንሺውን እጅ እንጂ የተነሺውን እንቅስቃሴ አያቆምም። በአዳራሻችን ድራማ ላይ ተዋናዩ እጁን ሲያነሳ ፎቶው የሚደበዝዘው ሻተሩ (ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የሚያስገባው መጋረጃ) ለረጅም ጊዜ ስለሚከፈት ነው፤ ሻተሩ ለረጅም ጊዜ የሚከፈተውም ብርሃን ስለሚያንስ ነው።

ይህን የሚፈታው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የተባለው ትንሹ ሌንስ ነው። ኤፍ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት የሚናገር ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ሌንስን በቤት ብንመስለው ይህኛው ሰፊ መስኮት ያለው ቤት ነው። አብሮ የሚመጣው ሌንስ እስከ መጨረሻው ሲጎላ ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይሰፋም፤ 5.6 ለ1.8 ተካፍሎ ውጤቱ በራሱ ሲባዛ 10 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ትንሹ ሌንስ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል ማለት ነው። በአንዱ ሌንስ በሴኮንድ 20ኛ ክፍል የሚነሳው ፎቶ በሌላው በሴኮንድ 200ኛ ክፍል ገደማ ይነሳል፣ የተዋናዩም እጅ በቦታው ይቆማል። አይኤስኦውን (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) ወደ 6400 ከፍ በማድረግም ፍጥነት ማግኘት ይቻላል፤ ምስሉ ግን አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። እርግጥ ነው፣ በእኛ ካሜራ ላይ ይህ ሌንስ የሚያሳየው እይታ ጠባብ ስለሆነ ለቡድን ፎቶ አይመችም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ይዘናል።

ግዥው በሦስት ፕሮፎርማ ተወዳድሮ፣ ዕቃው በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሆኖ እጃችን የገባው በጥር ነው። ትንሹን ሌንስ ያገለገለ ስለገዛነው አባላቱ ከመረከባቸው በፊት በእጅ ባትሪ ብርሃን ውስጡን አይተው ሻጋታ እንደሌለው አረጋገጡ፣ የፎከስ ቀለበቱንም ደጋግመው ሞከሩ። ያገለገለ አካል ለሚገዛ ሰው ደግሞ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 22 አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ማንሳት ይጠቅመዋል፤ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ካለ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። በርካሽ የሚሸጡ ሜሞሪ ካርዶች የተጻፈባቸውን ያህል ላይዙ ስለሚችሉም፣ ካርዳችንን ሙሉ በሙሉ ሞልተን ፋይሎቹ መከፈታቸውን ካየን በኋላ ነው ሥራ ላይ ያዋልነው።

ካሜራው በመጣ ሰሞን መነጽር የሚያደርጉ ተማሪዎች ሌንሱ ደብዛዛ ነው ብለው ነበር። ችግሩ ከመመልከቻው ጎን ያለችው ትንሽ ጥርሳም ቁልፍ ለዓይናቸው አለመስተካከሏ ነው፤ እሷን ማዞር አሁን ካሜራ የሚረከብ ሁሉ የመጀመሪያ ተግባር ሆኗል። በጉም የተነሳው የጠዋት ሰልፍ ደግሞ አመድ መስሎ ወጣ፤ ካሜራው ነጩን ሁሉ ወደ ግራጫ ለማምጣት ስለሚለካ የብርሃን ማስተካከያውን አንድ ደረጃ ወደ መደመር መግፋት ያስፈልጋል። ሰማይን ከኋላው አድርጎ የቆመ የጠይም ተማሪ ፊት ጠቁሮ እንዳይጠፋ የሚደረገውም ይኸው ነው። ይህን የለመዱ አባላት አውቶውን ትተው የቀዳዳውን ስፋት ራሳቸው ወደሚወስኑበት አሠራር ተሸጋግረዋል።

ወደ ባቲ የሄድነው ለሰኞ ገበያ ነው። የአማራ፣ የኦሮሞና የአፋር ነጋዴዎች የሚገናኙበት ይህ ገበያ ለፎቶ የሚያጓጓውን ያህል አስቸጋሪም ነው፦ አቧራ ስላለ ሌንስ መቀየር ከልክለን ነበር፤ የቀትሩ ፀሐይም ባርኔጣና ሻሽ ያደረገውን ሰው ፊት በጥላ ይሸፍነዋል። በጠራራ ፀሐይ ፍላሽ ማብራት ለተማሪዎቹ ቀልድ ቢመስላቸውም ጥላውን የሚያነሳው እሱ ነው፤ ካሜራችን ከፍላሽ ጋር ከሴኮንድ 200ኛ በላይ ስለማይፈጥን ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 11 ማጥበብ ብቻ አስፈልጓል። ፈቃድ ሳይጠየቅ ማንም እንዳይነሳ በተስማማነው መሠረት አንዲት አባል አንዲትን እናት «እማማ፣ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት ነው፣ ቢፈቅዱልኝ ላንሳዎት?» ብትላቸው «ልጄ፣ እኔን ተዪኝና ግመሎቹን አንሺ» ብለዋታል። በዚህ እትም የምታዩት የግመሎች ፎቶ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

በሐይቅ ጉዞ ሴቶች ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ስለማይገቡ ሴት አባሎቻችን ከሐይቁ ዳር ቀርተው ሠርተዋል፤ በእኔ ግምት የቀኑ የተሻለ ሥራም የእነሱ ነው። የወፎቹ ርቀት ግን 55 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ አሸነፈው፤ ወፎቹ በምስሉ ላይ ትንሽ ቦታ ብቻ ያዙ። ፎቶው ተቆርጦ ወፏ ብቻ ስትቀር ለመጽሔቱ ሩብ ገጽ የበቃችው በ24 ሜጋፒክስሉ ምክንያት ነውና፣ በመስከረም በሰሌዳ ላይ ያቃለልነው ቁጥር እዚህ ላይ ጠቅሞናል። በእግር ኳሱ ውድድርም የካሜራው አዝጋሚነት ታይቷል፤ በሴኮንድ 3 ፎቶ እየተከታተሉ ጎል መጠበቅ ስለማያዋጣ፣ አንሺዎቹ ተጫዋቹ እግሩን ሲያነሳ አንድ ጊዜ ብቻ መጫንን ተለማምደዋል።

ለክረምቱ ካሜራው ባትሪው ወጥቶለት፣ ሌንሶቹም እርጥበት ከሚመጥጥ ከረጢት ጋር ክዳኑ በሚገጥም ሳጥን ተቀምጠው ለንብረት ክፍል ተመልሰዋል፤ የደሴ ክረምት እርጥብ ስለሆነ የንብረት ክፍሉ ባልደረቦች ከረጢቱን በየጊዜው ፀሐይ ላይ እንዲያደርቁልን ተስማምተናል። ለ2018 ዓ.ም. ክበቡ የጠየቀው ያገለገለ ከ55 እስከ 250 ሚሊ ሜትር የሚያጎላ ሌንስና አንድ ማቆሚያ ስታንድ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዓመት መግዛት የማይቻል ከሆነ ሌንሱ እንዲቀድም አባላቱ በድምፅ ወስነው፣ ደብዳቤው ለርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቷል።