ለደንበኞቻችን፦ ክፍት ብሪዘር ፊልተር መግጠም ለምን አቆምን

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ እንደተቀየማችሁን አውቃለሁ። ብሪዘሩን (የሞተሩ ትንፋሽ መውጫ ማለት ነው) ከቱቦው ነቅለን በምትኩ የምንሰካትን ያቺን ትንሿን ክፍት ፊልተር ከእንግዲህ አንገጥምም ስላልን፣ ደሞ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን) ሊያስቀይር የመጣን መኪና መጀመሪያ ብሪዘሩ ይታይ ብለን 1,500 ብር የምርመራ ስለጠየቅን፣ ደውሎ የተቆጣ አለ፣ መኪናውን አዙሮ የሄደም አለ። 11 ዓመት አብሮን የቆየ ደንበኛ "አንተም እንደነሱ ሆንክ?" ብሎኝ ወጣ፣ የዛን ቀን ምሳ አልወረደልኝም። ቀድመን ሳንነግራችሁ በር ላይ መመለሳችን ጥፋታችን ነው፣ ይቅርታ። ውሳኔው ግን ልክ ነው ብዬ ስለማምን እስከመጨረሻው አንብቡልኝ።

የየትኛውም ሞተር ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት፣ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ነዳጁ ሲቃጠል ትንሽ ጋዝ በፋሻው ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ቱርቦ ያለው ላይ ደሞ ግፊቱ ስለሚበልጥ ይሄ ትንፋሽ ይበዛል፣ መውጫም ይፈልጋል። እኔ አባቴ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ እያቀበልኩ ነው ያደኩት፣ ያኔ በነበሩት ከባድ መኪኖች ትንፋሹ በቱቦ ቁልቁል አስፋልቱ ላይ ነበር የሚለቀቀው። አሁን ግን ለምሳሌ ሃይሉክስ ዲፎርዲ (የናፍጣ ሞተር ያለው) ላይ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን በማኒኮቶ፣ በላስቲክ ቱቦ ማለት ነው፣ ተነስቶ ከቱርቦው አፍ በፊት ይገባል፣ ቱርቦው አየር ሲስብ ትንፋሹንም አብሮ ይስብለታል።

አዎ፣ አብሮት የዘይት ጭጋግ ይሄዳል፣ ኢንተርኩለሩን (የቱርቦውን አየር ማቀዝቀዣ) ያረጥባል፣ ጭሱን መልሶ ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ከኢጂአሩ ጥላሸት ጋር ሲገናኝ ደሞ ማኒፎልዱ (አየር ማከፋፈያው) ውስጥ ሬንጅ ይሆናል። "ንቀልና ፊልተር አርግልኝ" የምትሉኝ በዚህ ምክንያት ነው፣ ይገባኛል። ግን ማኒኮቶው ሲነቀል የሚስብ ነገር የለም፣ ውሃውና ያልተቃጠለው ነዳጅ እዛው ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አጭር መንገድ የምትነዱ ሰዎች የዘይት ክዳኑን ከፍታችሁ ስሩን እዩት፣ እንደተመታ እንቁላል ነጭ አረፋ ይዞ ታገኙታላችሁ። ፊልተሯም በኛ አቧራ ላይ ዘይት ሲጨመርባት ትደፈናለች፣ ከዛ የጋለ ቱርቦ ላይ ታንጠባጥባለች፣ ሽታው ልጆች ወደተቀመጡበት ይገባል። እኔ እዛ ላይ እጄን ማስገባት አልፈልግም።

የምርመራውን ነገር ደሞ በአንድ መኪና ላስረዳችሁ። ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ቱርቦ የተቀየረለት ሃይሉክስ መጣልን፣ አሁንም ሰማያዊ ያጨሳል። ሞተሩ እየሰራ የዘይት ክዳኑን ፈትቼ ገልብጬ ቀዳዳው ላይ አስቀመጥኩት፣ እየዘለለ ወደቀ። የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ሁለት ጣት ያህል ተገፍቶ ወጥቷል። ፋሸታውን (የቱቦውን ማጥበቂያ) አላልቼ ማኒኮቶውን ስስበው ውስጡ በጥቁር ነገር ደርቆ እርሳስ እንኳን አያሳልፍም። ከቱርቦው የሚመለሰው ዘይት እኮ በራሱ ክብደት ነው ከስር ወዳለው የዘይት ገንዳ፣ ወደ ኮፓው፣ የሚወርደው፣ ከታች ግፊት ከጠበቀው መውረድ ያቅተውና በቱርቦው በኩል ሾልኮ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ውስጥ ይቃጠላል። ቱርቦው ምንም ችግር አልነበረበትም። ጠረግነው፣ ማኒኮቶውን ቀየርነው፣ ማርሚታው ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጥቂት ቀን አጨሰና ቆመ። ሰውዬው ጎማ ላይ ተቀምጦ "ሁለት ቱርቦ!" እያለ ራሱን ይዞ ነበር። (ፋሻው ካለቀ ብሪዘር አያድነውም፣ እሱንም ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።)

ዋጋ ጨመራችሁ ላላችሁን፣ አዎ ጨምረናል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ እኛ ደሞ ዕቃ የምንገዛው ከሚያስመጣ ነጋዴ ነው። አንዳንድ ቢኤምደብሊው ላይ ብሪዘሩ ከቴስታታው ክዳን ጋር አንድ ላይ ስለተሰራ ውስጡ ያለችው ስስ ላስቲክ ስትቀደድ ክዳኑ በሙሉ ነው የሚቀየረው፣ ዋጋውን ስነግራችሁ እኔም ይጨንቀኛል። ክፍት ፊልተር መግጠም ግን የደቂቃዎች ስራ ነው፣ ጥሩ ብር አለው፣ እምቢ ያልነው ገቢ ጠልተን አይደለም። በኮሮና ጊዜ ስራ ቆሞ ሳለ "ሰርቪሱን በኋላ ትሰራልኛለህ" ብላችሁ ቀድማችሁ የከፈላችሁኝ ሰዎች አላችሁ፣ ልጆቼን ያስተማርኩት በናንተ ነው፣ እናንተን አታልዬ የት እደርሳለሁ?

የከፋችሁ ካላችሁ በስልክ ሳይሆን መጥታችሁ ንገሩኝ፣ ቡና አፍልተን እንነጋገር። ምርመራውን ስንሰራ አጠገባችን ቁሙ፣ የተፈታውን ዕቃም ይዛችሁ ሂዱ። ቱርቦውን እኛ ጋ ካሰራችሁ 1,500ው ከእጅ ዋጋው ላይ ይቀነሳል። ከዚህ በፊት እኛው ራሳችን ክፍት ፊልተር የገጠምንላችሁ ደግሞ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ድረስ የእጅ ሳንጠይቅ ወደነበረበት እንመልሳለን፣ የድሮውን ማኒኮቶ ካልጣላችሁት ይዛችሁ ኑ።

አክባሪያችሁ
የጋራዡ ባለቤት